«ሞቶ የተለቀሰለት ሰው ሌላ ፊት ይዞ መጣ»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከአማቴ ጋር ማታ ማታ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የህንድ ተከታታይ ድራማ እናያለን። አንድ ሰው አንድ ቃል ሲናገር መብረቅ ይጮህና ካሜራው የቤተሰቡን ፊት ሦስት ሦስት ጊዜ ይዞራል። ለምንድነው? ባለፈው ደግሞ ሞቶ የተለቀሰለት ሰው ሌላ ፊት ይዞ ተመለሰ። ከቤተሰቡ አንድም ሰው «አንተ ማነህ?» አላለውም። ባለቤቴ ይስቅብናል። ከሁሉ የከፋው ግን አማቴ ናት። ክፉዋ ምራት ብቅ ባለች ቁጥር እኔን ገልመጥ ታደርገኛለች። ምን ልበላት?
አንባቢዎ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ባልሽ ይሳቅ። እኔ ሂንዲ የለመድኩት ዱባይ ነው፤ አንድ የጉጃራት ቤተሰብ ቤት ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን። የዚያን ጊዜ ንጉሡ ድራማ «ክዩንኪ ሳስ ቢ ካቢ ባሁ ቲ» ነበር። «አማትም እኮ አንድ ጊዜ ምራት ነበረች» እንደማለት ነው። ስታር ፕላስ በሚባል የህንድ ጣቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2000 ጀምሮ በኖቬምበር 2008 አለቀ። ከ1,800 ክፍል በላይ! ኤክታ ካፑር የምትባል ወጣት ፕሮዲዩሰር ናት ያመጣችው። ህንዶቹ ይህን ዓይነቱን ድራማ በአጠቃላይ «ሳስ ባሁ» ይሉታል፤ አማትና ምራት።

ስለ መብረቁ። በሳምንት አራት አምስት ማታ የሚታይ ነገር የሚቀረጸው በጥድፊያ ነው። የተዋናይ ፊት ደግሞ ወጪ የለውም፤ ሰዓት ይሞላል። የኔ ግምት ግን ሌላም አለበት። ተመልካቿ ማናት? ማድ ቤት ያለችው ሴት ናት። እኔ ለሮትሊ፣ ለቂጣቸው፣ ዱቄት እያቦካሁ መብረቁን ስሰማ እጄን ሳልታጠብ እሮጥ ነበር። ሦስተኛው ፊት ላይ እደርሳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢያሳዩት ኖሮ ምኑንም አላይም ነበር።

ሞቶ ስለተመለሰው። ይህን እኛ ቤት በደንብ እናውቀዋለን። የ«ክዩንኪ» ዋና ገጸ ባሕርይ ቱልሲ የቄስ ልጅ ናት፣ በነሱ አባባል የፓንዲት። ባለጠጋው የቪራኒ ቤት ልጅ ሚሂር ያገባታል። ሚሂር ሲሞት እኛ ቤት ዳሉ፣ የክክ ወጣቸው፣ ሳይነካ አደረ። ህንድ ውስጥም ተመልካቹ «ሚሂርን መልሱ!» ብሎ ተነሳ። መለሱት። አልሞተም፣ ማንነቱን ረስቶ ማንዲራ የምትባል ሐኪም ጋ ነው ያለው ተባለ። እዚያ አገር ስንት ሰው እንዳየ በየሳምንቱ ይቆጠራል፣ ቲአርፒ ይሉታል፤ እሱ ካዘዘ መቃብርም ይከፈታል። ፊቱ የተቀየረው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ተዋናዩ አማር ኡፓድያይ ድራማውን ለቀቀ፣ ኢንደር ኩማር ተተካ፣ ከዚያ ሮኒት ሮይ። ቱልሲንም ራሷን እ.ኤ.አ. በ2007 ለጥቂት ጊዜ ሌላ ተዋናይት ሠርታት ነበር። እኛ አንድ ሳምንት እናጉረመርማለን፣ ከዚያ እንለምዳለን። ድራማው 20 ዓመት ወደፊት ሲዘልም የቤቱ ትልቅ ሴት አያት ባ እንዳለች ቀረች። የኛዋም አሮጊት ባ ነበር የምትባለው፤ በዚህ በጣም ደስ አላት።

ዋናዋን ቱልሲን የሠራችው ስምሪቲ ኢራኒ በኋላ ፖለቲካ ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ትምህርትን የሚመራው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሆነች። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ድራማው በአዲስ መልክ ሲጀምር ተመልሳለች። ባሏ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመጀመሪያው ሚሂር፣ አማር ኡፓድያይ።

አሁን ወደ አማትሽ። እኛ ቤት ባና ምራቷ፣ ማዳም፣ በዳል ተጣልተው ነበር። ጉጃራቶች ዳል ውስጥ ጎል ይጨምራሉ፣ ያ ቡናማው የሸንኮራ ስኳር። ማዳም ደግሞ የፑንጃብ ልጅ ናት፤ «ወጥ ነው ወይስ ሻይ?» አለች። ከዚያ ወዲያ መነጋገር ቀረ። ማታ ግን ሁለቱም ከሶፋው አይቀሩም፤ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ። እኔ መሀል ምንጣፉ ላይ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ።

«አየሽ» ትለኛለች ባ፣ «ቱልሲ አማቷ ስትናገር አንገቷን ትደፋለች።»

«አየሽ» ትለኛለች ማዳም፣ «ሳቪታ እንደዚያ ስትሰድባት አለመመለሷ ነው የሚገርመኝ።» ሳቪታ የቱልሲ አማት ናት።

እኔ ለሁለቱም «ሀንጂ፣ ሀንጂ» እላለሁ፤ «አዎ፣ እሺ» ማለት ነው። በስድስት ዓመት እንደዚያ ቃል የጠቀመኝ የለም።

አንድ ማታ ቱልሲ የገዛ ልጇን አንሽን በጥይት ገደለችው። ሚስቱን በጉልበት የደፈረ ልጅ ነው። በኔ ዓይን ከድራማው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ቀጠነ ሽሮ ነው። የዚያን ማታ ባ ምንም አላለችም። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማዳም ተነስታ ውሃ አመጣችላት፣ ብርጭቆውን ይዛ አጠጣቻት። የዳሉ ጠብ ግን አልበረደም። እስክወጣ ድረስ ሁለት ድስት ነበር የምጥደው።

ስለዚህ ምን ልበላት ላልሽው፣ ምንም አትበያት። ክፉዋ አማት ስትመጣ አንቺም ገልመጥ አድርጊያት። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ያቺ ሴት በአንቺ ላይ ያላትን ሁሉ እዚያ ማራገፏ ይሻላል፤ ድራማው ባይኖር በወጡ ነበር የምትመጣብሽ። ቡናውን ግን ድራማው ሳይጀምር አፍይው። መብረቁ ሲጮህ ሁለታችሁም ትሮጣላችሁ፣ ጀበናው ይገነፍላል።