ይቅለጥ ወይስ ይቀጥቀጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከአዳማ የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ብረት ላይ ናቸው። አይገርምም። ከተማዋ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት፣ ከባድ መኪና ሳያልፍባት የሚመሽ ቀን የለም፣ መኪና ባለበት ደግሞ ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤትና ብየዳ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ትንሽ ወፍጮ ቤት አለኝ። የሞተሩ ቺንጋ የሚዞርበት ፑሊ ተሰነጠቀ። አንዱ ባለሙያ «ካስት አስደርገው» አለኝ። ሌላው «ፎርጅድ ካልሆነ ገንዘብህን ጣልከው» ይላል። ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ደግሞ «አምጣው፣ እኔ እሠራልሃለሁ» አሉኝ። የሦስቱ ልዩነት ምንድን ነው? የትኛውስ ይጠነክራል?
የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ አዳማ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ሦስቱ ሦስት አይደሉም። ጭቅጭቁም የመጣው ከዚህ ነው። ብረት ቅርጽ እንዲይዝ ወይ አቅልጠው ያፈሱታል፣ ወይ አግለው ይቀጠቅጡታል። ካስቲንግ የመጀመሪያው ነው፣ ፎርጂንግ ሁለተኛው። ቀጥቃጭነት ግን ሙያ ነው፤ ሽማግሌው በእጃቸው የሚሠሩት ራሱ ፎርጂንግ ነው። ስለዚህ «ፎርጂንግ ይሻላል ወይስ ቀጥቃጭ?» የሚባል ጥያቄ የለም።

ካስቲንግ ላይ ብረቱ ውሃ እስኪሆን ይቀልጥና በተዘጋጀ የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ምንም ያህል የተወሳሰበ ነገር ይወጣለታል። የመኪና ሞተር ብሎክን አስቡት፤ ሆዱ ውስጥ ውሃ የሚዘዋወርበት ቦይ አለ፣ ያንን በመዶሻ ሠርቶ የሚያወጣ ሰው አልተወለደም። ትልቅ ነገርም እንደዚሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ የተሠራውም ቀልጦ ፈስሶ ነው። ችግሩ ምንድን ነው፣ የቀለጠ ብረት ሲረጋ ይኮማተራል፣ ጋዝም ይይዛል። አፍሳሹ ካልተጠነቀቀ ውስጡ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል፣ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም።

ፎርጂንግ ላይ ብረቱ አይቀልጥም። ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይመታል። ስቲል (ካርቦኑ ከካስት አይረን ያነሰው ብረት) ከ900 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀጠቀጣል፣ ሲቀላ ብርቱካናማ ከዚያም ቢጫ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ግን ተቃጥሏል፤ እሱን መቀጥቀጥ ድካም ነው። ብረት በውስጡ ልክ እንደ እንጨት ጭረት አለው፤ ሲቀጠቀጥ ጭረቱ ሳይቆረጥ ቅርጹን ተከትሎ ይታጠፋል፣ ቀዳዳ ካለም ይጨፈለቃል። ፎርጅድ እቃ ሲመታና ሲጎተት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፋብሪካውም በትልቅ የማሽን መዶሻና በብረት ቅርጽ አንድ ዓይነት እቃ እየደጋገመ ፎርጂንግ ይሠራል። ሽማግሌው ግን ወናፋቸውን፣ መስፋቸውን፣ ጉጠታቸውንና መዶሻቸውን ይዘው ዛሬ ማረሻ፣ ነገ ማጭድ፣ ከነገ ወዲያ መጥረቢያ ያወጣሉ። ያስረዝማሉ፣ ይበሳሉ፣ ሁለት ብረት በእሳት ያጣብቃሉ፣ ነክረው ያጠነክራሉ። በርና መስኮት የሚሠሩልን ብረታ ብረት ቤቶች ሌላ ናቸው፣ እነሱ ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ። ባለእጅን በሙያው መስደብን ዐፄ ምኒልክ በአዋጅ ከከለከሉ መቶ ዓመት አልፏል፤ ዛሬም «ቀጥቃጭ» ሲባል ፊቱን የሚያዞር አለ። ቢላዋውን ከየት እንዳመጣው ይንገረና!

ወደ ፑሊዎ እንመለስ። «ካስት ደካማ ነው» የሚለው ወሬ በደፈናው ልክ አይደለም። ተራው ካስት አይረን ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለው፣ ሲጫኑት ይችላል፣ ንዝረት ይውጣል፣ ሲመቱት ግን ይሰበራል። በ1943 እ.ኤ.አ. ማግኒዚየም ትንሽ ጨምረውበት ዳክታይል የሚባለውን ዓይነት አገኙ። እሱ ሳይሰበር መታጠፍ ይችላል፣ ብዙ መኪና ላይ ያለው ክራንክ ሻፍትም (የፒስተኑን መውጣት መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ) ከእሱ የፈሰሰ ነው። ፑሊ ደግሞ አይመታም፣ ይዞራል። ፑሊ ከድሮም ካስት ነው።

ስለዚህ ተመሳሳይ ካስት ፑሊ ገበያ ላይ ካለ ገዝተው ይገላገሉ። ከሌለ ከወፍራም ስቲል ቶርኖ ቤት ያስጠርቡት፣ ለአንድ ፑሊ ብሎ የአሸዋ ቅርጽ ማዘጋጀት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። እምቢ ብለው የተሰነጠቀውን ሞዴል አድርገው ካስት ካስደረጉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ካስት አይረን ሲረጋ በርዝመት ወደ 1 በመቶ ይቀንሳል፣ ላዩም ቶርኖ ላይ ይላጫል፣ ስለዚህ ሞዴሉ በስቱኮም ቢሆን ትንሽ ወፈር ማለት አለበት። አለበለዚያ የሚወጣው ፑሊ ያንሳል። ሽማግሌው የቺንጋ ቦይ ያለው፣ ሳይወላገድ የሚዞር ክብ ነገር በመዶሻ እንዲያወጡ ግን አይጠብቁባቸው። እሳቸው ጋ የሚሄደው የወፍጮው ድንጋይ መውቀሪያ ነው። ጫፉ ሲዶለዱም አግለው፣ ስለው፣ መልሰው ያጠነክሩታል፤ ያንን ማንም ካስት አያደርግልዎትም።

ስንጥቁን በይዶ መቀጠል የሚባለውን ይርሱት። ካስት አይረን ብየዳ ቀድሞ ማሞቅ፣ ልዩ ኤሌክትሮድና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ይፈልጋል፣ ተሟልቶም አይታመንም። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ (ዲያሜትሩ) 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፑሊ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። እሱ ቢፈነዳ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ዛሬውኑ አውልቁት።

ጥያቄ፦ ከገበያ የገዛሁት መዶሻ ሳምንት ሳይሞላው ጫፉ ተሸረፈ። ሻጩ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ካስት መሆኑን በምን ላውቅ?
በያጅ፣ አዳማ

መልስ፦ መሸረፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ከልክ በላይ የጠነከረ ፎርጅድ መዶሻም ይሸረፋል። ግራይንደር ግን እጅህ ላይ አለ አይደል? መነጽርህን አድርግና መያዣው አጠገብ ነካ አድርገው። ተራ ካስት አይረን ከሆነ ብልጭታው አጭር ነው፣ ቀላ ያለና ደብዛዛ፣ ከድንጋዩ ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል። ስቲል ረጅምና ደማቅ ቢጫ ብልጭታ ይተፋል፣ ካርቦኑ በዛ ሲል ደግሞ ጫፉ ላይ እየተሰነጣጠቀ ይፈነዳል። እዚያው አጠገብ ከምታውቀው ፌሮ ጋር አወዳድር፣ ያኔ ልዩነቱ ለዓይንህ ይለያል።

ግራይንደር የማይበቃህ ከሆነ ድሪል አድርገው። ካስት አይረን ጥቁር ዱቄትና ፍርፋሪ ይሰጥሃል፣ ስቲል የተጠቀለለ ረጅም ፍቅፋቂ። የተሰበረው ፊትም ይናገራል፣ ካስት አይረን ሲሰበር ሻካራና ጥቁር ግራጫ ነው። ብልጭታው «ስቲል ነኝ» ካለህ ግን እዚያ ላይ አትቁም፤ ስቲልም ይፈሳል። ያኔ ጎኑ ላይ ያለውን መስመር እይ። ፎርጅድ እቃ ላይ ሁለቱ የብረት ቅርጾች የገጠሙበት ቦታ በግራይንደር የተላጨ ሰፋ ያለ መስመር ይተዋል፣ ካስት ላይ መስመሩ ቀጭን ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካስት ከሆነ መዶሻውን ለቆራሌው ሽጠው፣ ተሸርፎ ዓይን ውስጥ ከሚገባ።

ጥያቄ፦ ለመኪናዬ ፎርጅድ ቸርኬ ግዛ ይሉኛል። ዋጋው እጥፍ ነው። ያዋጣል?
አሽከርካሪ፣ አዳማ

መልስ፦ ፎርጅድ ቸርኬ (የመታወቂያውን ፎርጅድ አላልንም) ቀለል ይላል፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባም ከመሰንጠቅ መታጠፍ ይቀናዋል። መንገድ ላይ የምናየው አብዛኛው አሉሚኒየም ቸርኬ ግን ካስት ነው፣ ለዕለት ሥራም ይበቃል። ገንዘቡን ጎማ ላይ አውለው።

ጥያቄ፦ ቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነኝ። ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላዋ ቀጥቅጬ ሠራሁ፣ አግዬ ውሃ ውስጥ ስነክረው «ጭው» ብሎ ተሰነጠቀ። ጓደኛዬ ከፌሮ የሠራው ግን አልተሰነጠቀም። ምን አጠፋሁ?
ተማሪ፣ አዳማ

መልስ፦ የጓደኛህ አልተሰነጠቀም፣ አልጠነከረምም። ተራ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ነው፣ የፈለገውን ያህል ብትነክረው ስለት አይይዝም። ሽንኩርት ይከትፍበትና ንገረን። ባሌስትራ ግን 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለው፣ ለስለት የሚሆን ብረት ነው። ውሃ ግን ለእሱ በጣም ፈጣን ነው። ላዩ በቅጽበት ሲደርቅ ውስጡ ገና ትኩስ ነው፣ ሁለቱ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዘይት ውስጥ ንከረው፣ ዘይቱንም ትንሽ አሙቀው፣ ለብ ያለ ይበቃል።

ሙቀቱን በማግኔት ለካ። ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ከዚያ ትንሽ ጨምርና አውጥተህ ወዲያው ንከር። ጨለማ ጥግ ላይ ሥራ፣ በአዳማ ፀሐይ የብረት ቀለም አይታይህም። ከዘይት ሲወጣ ቢላዋው በጣም ደረቅ ነው፣ ከእጅህ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል፣ ስለዚህ በዚያው ቀን 200 ዲግሪ አካባቢ መልሰህ አሙቀው። የዳቦ ምድጃ ይበቃል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይበት። አስቀድመህ አንዱን ጎን ካጸዳኸው ቀለሙ ወደ ገለባ ቢጫ ሲለወጥ ታያለህ። ሰማያዊ ከሆነ አልፎበታል፣ ለስላሳ ይሆናል፣ እንደገና ከመንከሩ ትጀምራለህ።

ሌላም አለ። አሮጌ ባሌስትራ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ሲመታ ኖሮ ነው የተጣለው። የሚቀጥለውን ስትመርጥ ሽቦ ላይ አንጠልጥለህ በመዶሻ ነካ አድርገው። ከጮኸና ድምፁ ቆየት ካለ ውሰደው። ደፍኖ ከቀረ ተወው። ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙን ላጥ፣ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ቧንቧ ደግሞ ከነጭራሹ እሳት ውስጥ አታስገባ፣ ጭሱ ያሳምማል።