አይሁድ ትንሣኤ ሙታንን አያምኑምን?

ጥያቄ፦ በእስራኤል አገር በአንዲት አይሁዳዊት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰሞኑን አባቷ ሞተው ቤተሰቡ ዝቅ ባለ ወንበር ተቀምጦ ሰባቱን ቀን ያለቅሳል፣ ማታ ማታም ይጸልያል። አይሁድ ትንሣኤን እንደማያምኑ ነበር የሰማሁት፤ ታዲያ ጸሎቱ ለምንድን ነው? እኔስ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላት በደል ይሆንብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ማጽናናትሽ በደል የለበትም፤ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ያለን ሐዋርያ (ሮሜ 12፥15) የሟቹን ሃይማኖት አስቀድማችሁ መርምሩ አላለንም። ላቆይሽ የምፈልገው «አይሁድ ትንሣኤን አያምኑም» በሚለው አነጋገር ላይ ነው፤ ይህን ከምእመናን ብቻ ሳይሆን፣ ሊያስተምሩ ከቆሙ ሰዎች አንደበትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና።

ትንሣኤ የለም ይሉ የነበሩት ሰዱቃውያን ናቸው፤ ፈሪሳውያን ግን ያምኑ እንደ ነበር ቅዱስ ሉቃስ ለይቶ ጽፎልናል (ሐዋ. 23፥8)። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ የሰዱቃውያን ወገን ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የአይሁድ ትምህርት በአብዛኛው የፈሪሳውያንን መንገድ የተከተለ ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ቆመው በሚያደርሱት ጸሎት ሙታንን የሚያስነሣውን አምላክ ያመሰግናሉ፤ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሊቃቸው ሙሴ ማይሞኒደስም ከ13ቱ የእምነት መሠረቶች የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ነው ብሏል። ዛሬ የነፍስን ሕያውነት ብቻ የሚቀበሉ፣ ከነጭራሹም የማያምኑ አይሁድ መኖራቸው እውነት ነው፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማርታን አስቢያት። ጌታ ገና አልዓዛርን ሳያስነሣ፣ እርሱም ገና ሳይሰቀል፣ «በመጨረሻው ቀን በትንሣኤ እንዲነሣ አውቃለሁ» ብላ መለሰችለት (ዮሐ. 11፥24)። ይህን ከወገኖቿ እምነት፣ በትቢያ ያንቀላፉ እንደሚነቁ ከተናገረው ከዳንኤል (12፥2) የወረሰችው ነው። ለእርሷ አዲስ የሆነው ቀጥሎ የሰማችው «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ነው፤ እኛና እነርሱ የምንለያየውም እዚህ ላይ ነው።

ማታ ከምትሰሚው ጸሎት አንዱ ቃዲሽ ይባላል። ሞትን አያነሣም፣ የሟቹንም ስም አይጠራም፤ የእግዚአብሔር ስም እንዲቀደስና መንግሥቱ እንዲመጣ ይለምናል። ልጅ ለወላጁ የሚያደርሰው 11 ወር ነው፤ የኃጥኣን ፍርድ በገሃነም እስከ 12 ወር ይደርሳል የሚል ትውፊት ስላላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ቢጸልይ አባቱን ከኃጥኣን እንደ ቆጠረ ይሆንበታል። በልቅሶ ቤት ተቀምጠን የሟቹን ጉድለት ለምንቆጥር ለእኛ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል። ከታልሙድ፣ ማለት ከአይሁድ መምህራን የሕግና የትውፊት መጽሐፍ፣ ርቀው በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤልም ለሙታኖቻቸው ተዝካር ያወጡ ነበር።

ልቅሶ ስትደርሺ፣ ኀዘንተኛዋ ቀድማ እስክትናገር ዝም ብሎ መቀመጥ ልማዳቸው መሆኑን እወቂ፤ የኢዮብ ወዳጆችም እንዲህ አድርገዋል (ኢዮብ 2፥13)። ከተናገረችሽ በኋላ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በያት። ስለ እምነትሽ ከጠየቀችሽ ስለ ክርስቶስ ሳታፍሪ መስክሪ፤ ካልጠየቀችሽ ግን በእነዚህ ሰባት ቀናት ክርክር አታንሺባት።