«ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ለተባላችሁ ልጆች

ከኮምቦልቻ አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጻፈችልኝ። የመመረቂያ ሥራዋን በኮንዌይ «የሕይወት ጨዋታ» ላይ መሥራት ፈልጋለች። በተለይ የሳቧት ንቅንቅ የማይሉት ትንንሽ ቅርጾች ናቸው። አማካሪዋ ግን «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» አላት። «ጋሼ፣ ምን ልበለው?» ትላለች።

መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። የመጡልኝ ሼሁ ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ባለ ካሬ ወረቀት ውሰዱ። እያንዳንዷ ካሬ ወይ ሕያው ናት ወይ ባዶ፤ ዙሪያዋን ስምንት ጎረቤት አላት። ሕያዋ ካሬ ሁለት ወይም ሦስት ሕያው ጎረቤት ካላት ትቆያለች። ካነሰ ወይም ከበዛ ትሞታለች። ባዶዋ ደግሞ ልክ ሦስት ሕያው ጎረቤት ስታገኝ ትወለዳለች። ይህ ዙር በዙር ይደጋገማል። አለቀ። ሕጉን ያወጣው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ ነው። ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1970 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ዓምዱ ላይ ጻፈውና ዓለም አወቀው። ኮንዌይ ብዙ ትልልቅ ሥራ ያለው ሰው ነበር፤ ሰው ሁሉ በዚህች ጨዋታ ብቻ ሲያውቀው ይናደድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ወሰደው።

እኔ ያቺን እትም ያገኘኋት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ጠጥታ። ሕጉን በእጄ ገልብጬ ለክረምት ደሴ ገባሁ።

የደሴን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። መብራት ይጠፋል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ቤት ከምቀመጥ ብዬ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘንድ እውል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ሼሁ» ነው የሚላቸው። ከሲንጀራቸው ጎን የዳማ ሰሌዳ አይጠፋም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ አንድ ጊዜ ሳይሸነፍ አይወጣም።

እኔ ጥግ ይዤ በእርሳስ እስላለሁ፣ በላጲስ አጠፋለሁ፣ እስላለሁ። በመጨረሻ ወረቀቱ ተቀደደ። ሼሁ አይተው ሳቁ። ጨርቅ በሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ካሬ አሰመሩ። የቁልፍ ቆርቆሯቸውን ገለበጡ። «በል ሕጉን ንገረኝ» አሉ።

መጀመሪያ ላይ አንዱን ቁልፍ አንስተን ሌላውን እያስቀመጥን ሄድን። ሁሉ ነገር ተበላሸ። በዚህ ጨዋታ ሞቱም ልደቱም በአንድ ጊዜ ነው፤ አንዱን ቀድመህ ካነሳኸው የጎረቤቱ ቁጥር ይዛባል። ሼሁ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ በሚሞተው ጥቁር ቁልፍ ላይ ሌላ ጥቁር ደረቡ። በሚወለደው ቦታ ነጭ አስቀመጡ። ሁሉን አይተው ሲጨርሱ ድርብ ድርቡን አነሱ፤ ነጮቹን በጥቁር ተኩ። ጋርድነርም አንባቢውን የመከረው ይህንኑ ነበር። እኔ ያን አንቀጽ ዘልዬዋለሁ። ሼሁ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም።

አራት ቁልፍ ሁለት በሁለት አስቀመጡ። ጠበቅን። ምንም። እያንዳንዱ ሦስት ጎረቤት ስላለው አይሞትም። ከውጭ ያሉት ባዶ ካሬዎች ቢበዛ ሁለት ስለሚያዩ የሚወለድ የለም። «ይሄማ ተስማምቶ የሚኖር ሰፈር ነው» አሉ። አራቱን በአንድ መስመር ሲደረድሯቸው በሁለተኛው ዙር ስድስት ሆነው የንብ ቀፎ ሠሩና ቆሙ። ሦስት በመስመር ግን አይረጋም፤ የተኛው ይቆማል፣ የቆመው ይተኛል። ሼሁ እሱን አልወደዱትም። እሳቸው የሚፈልጉት የሚረጋውን ነበር።

እኔ ርእስ ይዤ ተመለስኩ። በአራት ካሬ ስንት የማይነቃነቅ ቅርጽ ይሠራል? በአምስትስ? በስድስትስ? ዲፓርትመንት ሳቀርበው «የልጆች ጨዋታ ነው፤ አገሪቱን ምን ይጠቅማታል?» ተባልኩ። አልተከራከርኩም። የመጋዘን ዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ተመረቅሁ። ያን ፕሮግራም እስከ ዛሬ የተጠቀመበት ሰው የለም።

በቀጣዩ ክረምት ሼሁ ገና በር ላይ ሲያዩኝ «ና አንተ ልጅ፣ አንዲት አግኝቼልሃለሁ» አሉ። ሰባት ቁልፍ ደረደሩ። ከላይ ሁለት ጎን ለጎን። ከሥር አንድ፣ አንድ ካሬ ተዘልሎ ሌላ አንድ። በዚያኛው ትይዩ ወደ ታች አንድ። መጨረሻ ላይ ሁለት፣ ወደ ውጭ የወጣ። መንጠቆ ትመስላለች። «ንቅንቅ አትልም» አሉ። እኔ ለምን እንደምትረጋ እንኳ አልቆጠርኩም። «ይተዉት ሼሁ፣ ጨዋታ ነው ብለውኛል» አልኳቸው። «አብሽር» አሉና ቁልፎቹን በመዳፋቸው ጠርገው ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱብኝም።

ያቺን መንጠቆ ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፒውተር ላይ አገኘኋት። ኢተር ይሏታል፤ ትበላለችና። ግላይደር የምትባል ባለ አምስት ካሬ ቅርጽ አለች፣ ሰያፍ የምትሄድ። ሌሎቹን የረጉ ቅርጾች ስትመታ አብዛኛውን ጊዜ ታፈርሳቸዋለች። መንጠቆዋን ግን በትክክለኛው አቅጣጫ ስትመታ ትዋጣለች፤ መንጠቆዋም በአራት ዙር እንደነበረች ትመለሳለች። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚያሰላ ማሽን የሠሩ ሰዎች የማይፈለገውን ግላይደር የሚያስወግዱት በእሷ ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ሼሁ በሕይወት አልነበሩም።

እናንተ ዛሬ ፕሮግራሙን ስልካችሁ ላይ ትጭናላችሁ። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ቢል ጎስፐር በዚያው በ1970 ያገኘውን፣ ግላይደር የሚተኩሰውን ቅርጽ ታያላችሁ። ለቲክቶክ ቀርጻችሁ ታልፋላችሁ። አራቷን ካሬማ ማን ዞሮ ያያታል? አር ፔንቶሚኖ የምትባለዋን አምስት ካሬ ልቀቋትና እስከ 1103ኛው ዙር ጠብቁ። ያ ሁሉ ትርምስ ሲያበቃ 25 ነገር ይቀራል። ስድስቱ እየሸሹ ያሉ ግላይደሮች ናቸው። አራቱ እየተኙ የሚነሱት ሦስት ሦስቶች። የቀሩት 15ቱ ንቅንቅ አይሉም፤ ስምንቱ ያችው ሁለት በሁለት ናት።

ኮምፒውተሩን ናቁት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በስምንት ካሬ የሚረጋው ቅርጽ 9 ነው። በ12 ካሬ 121 ይሆናል። ይህን በቁልፍ ልቁጠር የሚል ካለ ሼሁ ራሳቸው ይስቁበታል።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ አማካሪሽን እንዲህ በዪው። የመኪና መጨናነቅንና የደን ቃጠሎን የሚያጠኑ ሰዎች ይህንኑ ዓይነት ካሬና ጎረቤት ይጠቀማሉ። እሱን ደስ ይለዋል። እኔን ግን አያሳምነኝም። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። የረጋ ቅርጽ ሰፊ ሜዳን ቢሞላ ቢሞላ ከግማሹ አያልፍም፤ የሒሳብ ሊቁ ኖአም ኤልኪስ አረጋግጦታል። በፈለጉት የዙር ቁጥር እየተመላለሰ የሚደጋገም ቅርጽ መኖሩ ደግሞ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በመጨረሻ ሳይገኙ የቀሩት ባለ 19 እና ባለ 41 ዙሮቹ ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሰው ሲፈልግ ኖሯል ማለት ነው።

እምቢ ካለሽ ታዘዢውና ተመረቂ። እናትሽም ይጠብቁሻል። ጋሼ፣ አንተስ ታዘህ አይደል የተቆጨኸው ትይኝ ይሆናል። እኔን የቆጨኝ የመጋዘኑ ፕሮግራም አይደለም። ማታ ማታ ከሼሁ ጋር መቀመጥ ስችል መተዌ ነው።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥሽ። በአምስት ካሬ የሚረጋው ቅርጽ አንድ ብቻ ነው፤ ጀልባ ይሉታል። ለምን ሁለተኛ እንደሌለ በወረቀት አስረጂና ላኪልኝ። «ፕሮግራሙ ሌላ አላገኘም» የሚል መልስ አልቀበልም።