የጥንት ጣዖት ቤትንና የካቶሊኮችን የማርያም መሳለሚያ መጎብኘት ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው አሜሪካ ሲሆን በቅርቡ ለሥራ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ እሄዳለሁ። ባልደረቦቼ በአስጎብኚ የሚመራ የአንድ ቀን ጉዞ አዘጋጅተዋል፤ የቴኦቲሁዋካንን ፒራሚዶች አይተን በመልሳችን የጓዳሉፔ ማርያም የሚባለውን የካቶሊኮች መሳለሚያ እንጎበኛለን። ዕለቱ ዓርብ ነው። ጣዖት ይመለክበት ወደነበረ ቦታ መሄድ ያስፈራኛል፤ እመቤታችን ዘንድ ግን ሻማ አብርቼ ስእለት ብሳል ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። የፈራሽው ከሚያስፈራው በላይ ነው፤ ሳትጠነቀቂ ልታልፊው ያሰብሽው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ ስለ ፒራሚዱ አጠር አድርጌ፣ ስለ መሳለሚያው ሰፋ አድርጌ እመልስልሻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴኦቲሁዋካን ከሜክሲኮ ሲቲ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በመጀመሪያዎቹ የክርስትና መቶ ዓመታት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት የነበረች ከተማ ናት። አዝቴኮች የተባሉት የአገሩ ሕዝብ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲደርሱባት ፍርስራሽ ሆና አገኟት። የፀሐይ ፒራሚድ የሚባለው ቁመቱ 65 ሜትር ያህል ሲሆን፣ እንደ ግብፅ ፒራሚዶች የንጉሥ መቃብር ሳይሆን በአናቱ ቤተ ጣዖት ይቆምበት የነበረ መሠረት ነው። ላባ በለበሰው እባብ ስም በሚጠራው ቤተ ጣዖት ሥር ደግሞ የተሠዉ ከመቶ በላይ ሰዎች ዐፅም በቁፋሮ ተገኝቷል። ይህን ማወቅ ያሳዝናል እንጂ አያረክስም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከተማው በጣዖት ተሞልቶ ባየ ጊዜ መንፈሱ ተበሳጨ፤ ሆኖም የሚያመልኩትን እየተመለከተ አለፈ፣ ካየውም ተነሥቶ አስተማራቸው። እኛስ በይሓ ቤተ ክርስቲያናችንን የምንሳለመው፣ አልመቃህ የተባለው ጣዖት ይመለክበት ከነበረው የድንጋይ ሕንፃ ሥር ቆመን አይደለምን? ከተሳላሚዎቹ አንድም ሰው በዚህ ምክንያት ረክሻለሁ ብሎ ለንስሐ ሲመጣ አላየሁም።

በዚያ የሚከለከለው ማየት ሳይሆን መሳተፍ ነው። በተለይ መጋቢት ውስጥ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ብዙ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ኃይል እንቀበላለን ይላሉ። በዚያ ሰሞን ነጠላሽን ለብሰሽ ብትገኚ ከእነርሱ እንዳትቆጠሪ ብዬ ሳልፈራ አልቀረሁም! ለጨዋታ ነው ቢሉሽም እጅሽን አትዘርጊ፤ እናጥንሽ፣ እናንጻሽ የሚል ሰው ቢመጣም በትሕትና እንቢ በዪ።

ወደ መሳለሚያው እንምጣ። ካቶሊኮች እንደሚተርኩት፣ በታኅሣሥ 1531 ኹዋን ዲዬጎ ለተባለ ለአገሩ ተወላጅ ክርስቲያን እመቤታችን በቴፔያክ ኮረብታ ተገለጠችለት፤ ጳጳሱ ኹዋን ደ ሱማራጋ ምልክት በጠየቁት ጊዜም ማጌይ ከሚባል የአገሩ ተክል ቃጫ እንደተሠራ በሚነገርለት ካባው ጽጌረዳ ይዞ ሄደ፤ ካባውን ሲዘረጋው ሥዕሏ ታትሞበት ታየ። ያ ጨርቅ ዛሬ በ1976 በተሠራው ትልቅ ባሲሊካ ተሰቅሏል። በዚያው ኮረብታ ቀድሞ ቶናንትሲን የምትባል የአገሬው ሴት ጣዖት ትመለክ ነበርና፣ በዚያው በ1500ዎቹ ከራሳቸው ከካቶሊክ መነኮሳት መካከል ሕዝቡ የሚያከብረው ማንን እንደሆነ የጠየቁ ነበሩ።

የእኛ ስንክሳር ይህን መገለጥ አይመሰክርም። ቤተ ክርስቲያን ያልመረመረችውን ነገር ሐሰት ነው ብሎ መሳደብም ሆነ እውነት ነው ብሎ ስእለት ማኖር የአንድ ምእመን ሥልጣን አይደለም። በ1968 በካይሮ ዘይቱን እመቤታችን በቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ላይ ታየች በተባለ ጊዜ እንኳ፣ ቃሉን የሰጠው ምርመራ ያደረገው የግብፅ መንበረ ፓትርያርክ ነበር። ስለዚህ ስእለትሽን በአጥቢያሽ ባለችው ቤተ ክርስቲያን አድርጊው፤ ሻማውንም እንዲሁ። ቅዳሴ ሲደረግ ብትደርሺ አትቁረቢ፤ በጸሎታቸውም ሳትተባበሪ በጸጥታ ወደ ኋላ ቁሚ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በልብሽ ብትጸልዪ ግን ማንም አይከለክልሽም፤ የምትለምኛት ያችኑ የጌታችንን እናት ነውና። ሥዕሉን ልየው ካልሽ፣ ከሥሩ ሰውን እያሳለፈ የሚሄድ ተንቀሳቃሽ ወለል አለ፤ ልስገድ ወይስ ልቁም ብለሽ ሳትወስኚ አሳልፎሽ ይሄዳል።

የሥዕሉን ቅጂ ገዝተሽ በቤትሽ የጸሎት ስፍራ ልስቀል ብትዪ ግን አልመክርሽም። በሥዕሉ ላይ እመቤታችን ብቻዋን ናት፤ ካቶሊኮች የታጠቀችው ጥቁር መቀነት መፅነሷን ያመለክታል ይላሉ። የእኛ ሥርዓት ግን ልጇን ታቅፋ የምትታይበትን ምስለ ፍቁር ወልዳን ያስቀድማል። ሌላም ልጨምር፦ የጓዳሉፔ በዓል በአውሮፓውያን ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 12 በአብዛኛው ዓመት ከእኛ የታኅሣሥ 3 በዓታ ጋር ስለሚገጥም፣ ይህን እንደ ምልክት የሚያዩ አንዳንድ ወገኖች አጋጥመውኛል። በ1531 አውሮፓውያን ዛሬ የሚጠቀሙበት የጎርጎርዮስ ካላንደር አልወጣም ነበርና ያን ጊዜ ዕለቱ የዋለው በእኛ ታኅሣሥ 15 ላይ ነበር። የካላንደር መገጣጠም የሃይማኖት ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ጾሙ፣ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት እንደ ልማድሽ ነው፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ቢቀራረብም ፀሐዩ ብርቱ ነውና አቅም ካነሰሽ አስቀድመሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ። ከማጌይ ጭማቂ የሚፈላ ፑልኬ የሚባል መጠጥ ያስቀምሱሻል፤ እንደ ጠላ የሚያሰክር መሆኑን አትርሺ። ምግቡስ ለጿሚ የተመቸ ነው፦ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ እሾሁ ተነቅሎ የሚበስል ቁልቋል። ይሁንና ቦሎቄውን በአሳማ ስብ ማብሰል የተለመደ ስለሆነ፣ አስተናጋጁን «ማንቴካ አለበት ወይ?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትብዪ።