ወንድምሽ መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት ይግባ ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ጉበቱ በድንገት ሥራ አቁሞ ሆስፒታል ገብቷል። ሐኪሞቹ መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት እንዲገባ ባለቤቱን ፈርሚ ብለዋታል። ግማሾቹ ታማሚዎች መድኃኒቱ የሌለበት ግሉኮስ ነው የሚሰጣቸው መባሉን እዚህ ጅማ ቆጪ ሰፈር ያሉት እናታችሁ ሲሰሙ "ልጄ የማንም መሞከሪያ አይሆንም" ብለዋል። አንቺ ደግሞ መሀል ቤት ቀረሽ።

እኔ እዚሁ ጅማ የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ የሚመጡ ሰዎችን ሳስታምም ነው የኖርኩት። መልሴን ከወዲሁ ልንገርሽ፤ የእኔ ወንድም ቢሆን እፈርም ነበር። ግን ጠይቄ፣ ያውም ዛሬውኑ።

እናታችሁ የፈሩት ልጃቸው ያለ ሕክምና እንዳይተው ነው። እንደዚያ አይደለም። መድኃኒቱ ያልደረሰውም ሰው ሌላው ሕክምና አይቀርበትም፤ የደም ስኳሩ እንዳይወርድ ይለካል፣ ኢንፌክሽን እንዳይገባበት ይጠበቃል፣ አንጎሉ እንዳያብጥ ይከታተሉታል። አንዱ ቡድን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሞከረው መድኃኒት ይጨመርለታል፣ ሌላው አይጨመርለትም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ማን የቱ ጋ እንደሚገባ ደግሞ በዕጣ ነው የሚወሰነው፣ ሐኪሙ አይመርጥም።

"ታዲያ ለሁሉም ለምን አይሰጡም?" ብለሽ ጽፈሻል። ልክ ነሽ፣ ማንም ይጠይቃል። ለምሳሌ ኤን አሴቲል ሲስቲን የሚባል መድኃኒት አለ። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው ማርከሻ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። ጉበቱ በሌላ ምክንያት፣ ማለትም በሄፓታይተስ ቢ፣ በመድኃኒት ጉዳት ወይም ባልታወቀ ነገር ለተጎዳ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ግን አይታወቅም ነበር። አሜሪካኖቹ ከ1998 ጀምረው 173 አዋቂ ታማሚዎች ላይ ሞከሩት፣ ውጤቱ በ2009 ታተመ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ለግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን ለ72 ሰዓት በደም ሥር ሰጡ፣ ለቀሩት ግሉኮስ ብቻ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በሕይወት የቆዩት 70 ከመቶና 66 ከመቶ ሆኑ፤ ይህ ልዩነት ነው አይባልም። ጉበታቸው ሳይቀየር የዳኑትን ለይተው ሲያዩ ግን መድኃኒቱን ካገኙት 40 ከመቶ፣ ካላገኙት 27 ከመቶ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ የበለጠ፤ እዚህ ጉበት ይቀየርልሃል የምንለው ታማሚ የለንም።

ጥቅሙ ግን የታየው በጊዜ በደረሱት ላይ ነው። ጉበት ሲደክም አእምሮም ይምታታል፤ ገና ትንሽ የተምታታባቸው፣ ሲጠሯቸው የሚመልሱት ሰዎች መድኃኒቱን ካገኙት 52 ከመቶ ያህሉ ጉበታቸው ሳይቀየር ተረፉ፣ ግሉኮስ ብቻ ካገኙት መሰሎቻቸው 30 ከመቶ። ኮማ ውስጥ የገቡትን ግን ምንም አልረዳቸውም። ከዚያ ልጆች ላይ ሞከሩት፣ 184 ልጆች ላይ። አዋቂውን ስለረዳ ልጅንም ይረዳል ብሎ ማን ይጠራጠራል? በ2013 የወጣው ውጤት ግን ተቃራኒ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ጉበታቸው ሳይቀየር የዳኑት ልጆች መድኃኒቱን ካገኙት 35 ከመቶ፣ ካላገኙት 53 ከመቶ። ያ ግሉኮስ ብቻ ያገኘ ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር፣ መድኃኒቱም በደግ ልብ ለሕፃናቱ ሁሉ ይሰጥ ነበር። ለእናታችሁ ይህን በእርጋታ አስረጃቸው። እናት ናቸው፣ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ዋናው ነገር አእምሮው ምን ላይ ነው? ቀን ተኝቶ ሌሊት ዓይኑ ይፈጣል? ነገር ይደጋግማል? እኛ ጋ እጅህን ወደፊት ዘርጋ፣ መዳፍህን ትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያስቆመው አድርገህ ያዝ እንላለን፤ ጉበቱ የደከመ ሰው መዳፉ በየመሀሉ ወደቅ፣ ቀና ይላል። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስማቸውን በወረቀት አጽፋለሁ። አንድ የሰቃ አስተማሪ ነበሩ፣ የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር። አንድ ጠዋት ፊደሎቹ ተደራርበው መስመሩን ለቀው ወደ ታች ወረዱ፣ እሳቸው ግን "ደህና ነኝ" ነበር የሚሉኝ። ወዲያው ነው ሐኪም የጠራሁት። ከዚህ ደረጃ ወደ ኮማ ለመሄድ ሰዓታት ይበቃሉ፣ ስለዚህ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይምከር እያላችሁ ቀን አታሳልፉ።

ባለቤቱ የሚሞከረው መድኃኒት ምን እንደሆነ ትጠይቅ። ወንድምሽ ባለበት ደረጃ ላሉ ሰዎች ከዚህ በፊት ተሰጥቶ ያውቃል ወይ? ምን ጉዳት አመጣ? ጥናቱ ውስጥ መግባቱ ጉበት ለመቀየር ከሚጠብቅበት ተራ ያስወጣዋል ወይ? ይህን የመጨረሻውን አስረግጣ ትጠይቅ፣ መልሱን ሳትሰማ አትፈርም። ፈርማም ሐሳቧን ብትቀይር ልታስወጣው መብቷ ነው፣ ሕክምናውን ማንም አያቋርጥበትም።

ሌላው እዚህ ጅማ ያላችሁት ብቻ የምታውቁት ነገር ነው። የወፍ በሽታ ነው ብሎ እንዶድ ወይም ሌላ ቅጠል የላከለት ሰው አለ? የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ነበር? ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ያበዛል? ሰው ይህን ያፍራል፣ ይደብቃል፤ እኛም ጋ ከስንት ልመና በኋላ ነው ቤተሰብ ፌስታሉን ከትራስ ሥር የሚያወጣው። ሐኪሞቹ ግን የትኛው ሕክምና እንደሚሆነው፣ ለጥናቱም ይመጥን እንደሆነ የሚወስኑት በዚህ ነው። ተረፈ ቅጠሉ ቤት ካለ ፎቶ አንሺውና አሁኑኑ ለባለቤቱ ላኪላት። እዚያ ቀን ነው፣ ሐኪሙን ታገኘዋለች።