ቴፑን ተወው፣ ዲናሞውን ዳስሰው

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ መኪናዬ በየቀኑ ከነዳኋት ምንም አትልም። ሁለት ሌሊት ከቆመች ግን ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ብላ ዝም ትላለች። አምስት ዓመት ያገለገለው ባትሪ ደክሞ ስለነበር አዲስ ባለ 60 ካስገባሁ ሁለት ወር አልሞላም። የሠራልኝ ሰው ‹ቴፑ ነው የሚበላው› ብሎ ነቀለው፤ ለውጥ የለም። አሁን ባትሪውን እንደገና ቀይር ይለኛል። በነገራችን ላይ ያኔ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ ነቅሎ ነበር። ሞተሩ ስላልጠፋ ዲናሞህ ደህና ነው አለኝ።»

ወንድሜ፣ ባትሪውን አትቀይር። እኔን የያዘኝ «በነገራችን ላይ» ብለህ ጣል ያደረግካት ነገር ናት።

ሞተር እየሠራ ካቦ መንቀል ምርመራ አይደለም፣ ማበላሸት ነው። ዲናሞው በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የሚያመነጨውን የሚቀበለው ባትሪ በድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ ለቅጽበት ሽቅብ ይዘላል። ያቺ ቅጽበት ዳዮድ ለማቃጠል ትበቃለች። ሞተሩ አለመጥፋቱም ዲናሞው ማመንጨቱን ብቻ ነው የሚነግርህ።

ዳዮድ ማለት ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚከፈት በር ነው። ዲናሞ ሲሽከረከር የሚያመነጨው አቅጣጫው የሚገለባበጥ ኤሲ ነው፤ ባትሪ የሚቀበለው ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ዲሲ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ዲናሞ ውስጥ ስድስት ዳዮዶች አሉ፤ ሦስቱ በፖዘቲቭ፣ ሦስቱ በማሳ (በኔጌቲቭ) በኩል። የመጣውን ሁሉ ወደ ባትሪው ብቻ ያሳልፋሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ እነዚሁ ዳዮዶች ዘበኛ ይሆናሉ። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በቁልፍ አይቋረጥም። ቁልፉን ኪስህ ከተህ ስትተኛ 12 ቮልቱ ዲናሞው ደጃፍ ላይ ቆሞ ያድራል። የሚያግደው ዳዮዱ ነው። ዳዮዱ ሲበላሽ በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ቀን ስትነዳ የሚገባው ከሚፈሰው ስለሚበልጥ አይታወቅህም። ሌሊት ግን ያጠራቀምከው ተመልሶ ዲናሞው ሆድ ውስጥ ይገባና ሙቀት ሆኖ ያልቃል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ኮፈኑን ክፈትና እጅህን መጀመሪያ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ከዚያ ዲናሞው ላይ አድርግ። ሞተሩ በረዶ ሆኖ ዲናሞው ለብ ካለህ ሌባው ተይዟል። ከቀዘቀዘም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ትንሽ ፍሳሽ አያሞቅም። ያኔ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አውጣ።

መሣሪያ ከማንሳትህ በፊት ግን ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ። ስትነቅል ኔጌቲቭ መጀመሪያ፣ ስትገጥም ኔጌቲቭ መጨረሻ። የምትፈታበት ቁልፍ ፖዘቲቩን ይዞ ቦዲ ከነካ ብልጭ ይላል፤ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን የሚባል የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል።

የበሩን መቆለፊያ በካቻቪቴ ገፍተህ ዝጋው፣ መኪናዋ በሩ የተዘጋ ይምሰላት። ቀዩን የቴስተር ሽቦ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰካ። ርካሽ ቴስተር ብዙ ጊዜ እዚያ ቀዳዳ ላይ ፊውዝ የለውም፤ አትመነው። ኔጌቲቩን ነቅለህ ቴስተሩን በካቦውና በባትሪው መካከል አስገባ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ እንዳታዞር! 40 ደቂቃ ጠብቅ፤ አዳዲስ መኪኖች ለመተኛት ጊዜ ይፈልጋሉ።

እስከ 50 ሚሊ አምፒር ጤነኛ ነው፤ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ብቻ ይበላል። 1 አምፒር ካሳየህ ግን በቀን 24፣ በሁለት ቀን 48 ነው። ከባትሪህ 60 አምፒር ሰዓት ላይ 48 ሲሄድ ሞተሪኖውን የሚያዞር አይቀርም። በሁለተኛው ሌሊት መሞቷ ከዚህ ሂሳብ ጋር ገጥሞልኛል።

አሁን ቴስተሩን አውጣ። ኔጌቲቩ እንደተነቀለ ይቆይ፤ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነውና። ያንን ሽቦና ሶኬቱን ከዲናሞው ንቀል፣ የሽቦውን ጫፍ በናስትሮ ጠቅልለው፣ ቴስተሩን መልሰህ እንደገና 40 ደቂቃ ጠብቀህ ለካ። ቁጥሩ ዘጭ ካለ ዲናሞው ነው። ካልወረደ ልቤ ተሳስቷል፤ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚወድቅ ተመልከት። የሻንጣውን መብራትም አትርሳ። ቴፑ የተነቀለበትን ቦታም ክፈተው። ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተተወ ሽቦ ስንቴ እንዳገኘሁ! ሙቀት ሲመታው ማጣበቂያው ይለቅና ሽቦው ራቁቱን ይቀራል።

ዲናሞው ከሆነ ሙሉውን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል፤ የዳዮዱ ሳህን ብቻ ይቀየራል። ርካሹን ግን አታስገባ። ብየዳው ስስ ነው፣ ሙቀት አይችልም፤ ከጥቂት ወር በኋላ እዚሁ እንገናኛለን። ባትሪውንም ባዶ ሆኖ ስለከረመ ቀስ ብሎ በሚሞላ ቻርጀር አንድ ሌሊት ሙላው።

ዲናሞው ተመልሶ ሲገጠም ያው ነው፣ ኔጌቲቭ መጨረሻ። ሞተሩን አስነሳና ባትሪው ላይ ለካ፦ በዲሲ 14 ቮልት አካባቢ፣ በኤሲ ከ0.5 በታች መሆን አለበት። ኤሲው ከዚያ ከበለጠ የገባልህ ዳዮድም ደህና አይደለም፤ መኪናዋን ሳትወስድ እዚያው አስወጣው። ካቦ ነቅዬ ላሳይህ የሚል ከመጣም እጁን ያዝ።