6 ሳምንት ከሆነው እናቱ ጋ ይቆይ

እህቴ፣ «የ6 ሳምንት ቡችላ ቅዳሜ ልቀበል ነው፣ ምን ምን ልግዛ?» ላልሽው፦ መጀመሪያ ሰዎቹን ለምኚያቸውና ሌላ 2 ሳምንት ያቆዩልሽ። ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ባይለይ ይሻላል። አነካከሱን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ይጮሁበታል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ ይገባዋል። ያን ሳይማር ከመጣ መለማመጃው ያንቺ እጅ ነው የሚሆነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ሁለት ሳህን፣ መኝታ፣ የአንገት ማሰሪያ፣ የሚያኝከው ነገር፣ በቃ። ውድ መኝታ እንዳትገዢ ብቻ፤ ይበላዋል።

እኔን ያቃጠለኝ ክትባቱ ነው። የመጀመሪያ ቡችላዬን አንድ ጊዜ አስወጋሁና «ተከትቧል» ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አዞርኩት። ብዙም ሳይቆይ ምግብ እምቢ አለ። አስታወከ፣ ከዛ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የአንጀት በሽታ ነበር፤ በ3ኛው ቀን ሞተ። ሐኪሟ ያኔ ነው ያስረዳችኝ። ቡችላ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው መከላከያ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ክትባቱንም ያከሽፋል። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ለዚህ ነው ከ6–8 ሳምንት ተጀምሮ በየ2–4 ሳምንቱ፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው የሚደጋገመው። የእብድ ውሻ ክትባት ለብቻው ነው። የትል መድኃኒቱንም ጠይቂ፤ ቡችሎች ብዙ ጊዜ ትሉን ከእናታቸው ይዘው ነው የሚወለዱት።

የፓርቮ ቫይረስ በሳሙና አይሞትም፣ ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆያል። እኔ ወለሉን በበረኪና (1 እጅ ለ30 እጅ ውሃ) አጥቤ፣ ዓመት ጠብቄ ነው ሁለተኛውን ያመጣሁት።

ግን ፈርተሽ ቤት እንዳትቆልፊበት። እስከ 14 ሳምንት አካባቢ ያላየውን ነገር በኋላ ሲያየው ይደነብራል። እኔ ሁለተኛውን አቅፌው ነበር የምወጣው። መሬት ሳይረግጥ መኪናውንም፣ ሕፃናቱንም፣ ጃንጥላውንም አየ። ጃንጥላ እስከ ዛሬ አይወድም፣ እሱን ተዪው።

የመጀመሪያው ሌሊት ያለቅሳል። የእናቱ ጠረን ያለበት ጨርቅ ለምነሽ አምጪ፣ መኝታውን አልጋሽ አጠገብ አድርጊለት። ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ሲጫወት ቆይቶ ወዲያው ወደ ውጪ፣ ማለቴ ወደ መጸዳጃ ቦታው። ቤት ውስጥ ከሸና አትምቺው፤ ከመታሽው ተደብቆ መሽናትን ነው የሚማረው።

ምግብ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ። እዛ ሲበላ የነበረውን ጠይቀሽ በእሱ ጀምሪ፣ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ ቀይሪው። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ስኳር አልባ ማስቲካ ደግሞ መርዝ ናቸው።

ልትቀበዪው ስትሄጂ እናቱን እይ፣ መቼ ምን እንደተከተበ የተጻፈበትን ካርድም ተቀበዪ። «ተከትቧል» የሚል አፍ ብቻ ከሆነ እንዳልተከተበ ቁጠሪው።